ብሩ ከሥራው ሲቀድም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የካ አባዶ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለን። ለዓመታት ስናከራየው ቆይተን ዘንድሮ ራሳችን ልንገባበት ወሰንንና እድሳት ጀመርን። ገንዘቡን በአብዛኛው የሚልክልኝ አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ባለሙያውን ያገናኘችኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ናት። ትሁት ሰው ነው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚያወራው። ሴራሚክ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ኮርኒስና ቀለም፣ ሁሉንም በ180 ሺህ ብር የእጅ ዋጋ በቁርጥ ተስማማን። «ባንክ አይመቸኝም፣ በካሽ አድርጊልኝ» አለኝ። 50፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 30፣ በድምሩ 120 ሺህ ብር በእጁ ሰጠሁት። ዕቃውንም «ያለ ደረሰኝ ይቀንሱልኛል» ብሎ ሌላ 85 ሺህ ወስዶ ራሱ ገዛ። ወረቀት አልተፈራረምንም፤ «ፈርምልኝ» ማለት አሳፈረኝ።

እስካሁን ሽንት ቤቱና የኩሽናው ግድግዳ አልቋል። ሳሎኑ ገና ተጀመረ። እውነት ለመናገር ኩሽናውን መሀል ላይ አስቀይሬዋለሁ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። ትናንት ደውሎ «40 ሺህ ጨምሪልኝ፣ አለዚያ ልጆቹ ሌላ ሥራ ይሄዱብኛል» አለ። ባለቤቴ «አንዲት ሳንቲም እንዳትሰጪ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» ይላል። ወንድሜ ደግሞ የደረሰኞቹን ፎቶ ላኪልኝ ብሎኛል። የምልክለት የለኝም። ያላመነኝ መስሎኝ ከፋኝ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባት፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦

እህቴ፣ ከሚያስቸኩለው ልጀምር። 40 ሺውን አሁን አትስጪ።

ሒሳቡን እንየው። ከ180 ሺው 120 ሺው ወጥቷል። ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። 40 ብትጨምሪ እጅሽ ላይ የሚቀረው 20 ሺህ ይሆናል። የቀረው ሥራ ደግሞ የሳሎኑ ወለል፣ መኝታ ቤቶቹ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ኮርኒሱና ቀለሙ ነው። ይሄን ሁሉ ሥራ በ20 ሺህ ብር ተስፋ ተመላልሶ የሚጨርስ ሰው የት ይገኛል? ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ሌላ ሰፈር 50 ሺህ ብር ይዞ የሚጠብቀው ደንበኛ ካለ እግሩ ወደዚያ ይሄዳል። አንቺም ብትሆኚ ትሄጃለሽ።

ሰውየው ሌባ ነው እያልኩሽ አይደለም። በዚህ ሙያ የተለመደ አሠራር አለ። ባለሙያው ከአዲስ ደንበኛ ብር ይቀበላል፤ በዚያ ብር የቀደመውን ደንበኛ ሥራ ይጨርሳል፤ የአንቺን ለመጨረስ ደግሞ የሚቀጥለውን ደንበኛ ይጠብቃል። ሁሉም በሰዓቱ ሲከፍል ነገሩ ይሄዳል። አንዱ ሲያዘገይበት ወይም አዲስ ሥራ ሲጠፋ መሀል ላይ ያለው ቤት ይቆማል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቤት በአንድ ላይ የያዘ ባለሙያ ነው። ስለዚህ የሚጠይቅሽ 40 ሺህ ለአንቺ ሳሎን ይሁን ለሌላ ሰው ሻወር የምታውቂበት መንገድ የለም።

ካሹን በተመለከተ ብዙ ራስሽን አትውቀሺ። ባለሙያው የቀን ሠራተኞቹን ማታ ማታ ወይም ቅዳሜ ይከፍላል፤ ምሳና ትራንስፖርት አለበት። ጥሬ ብር መፈለጉ አይገርምም። ግን 50 ሺህና 40 ሺህ ብር ሲሆን ነገሩ ይለያል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ጀብሎውም ሊስትሮውም ይቀበልበታል። «ባንክ አይመቸኝም» የሚል ሰው የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ግብር ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ ዕዳ ያለበት ሊሆን ይችላል። ያ የእሱ ጉዳይ ነው። የአንቺ ጉዳይ ብሩ አሻራ ትቶ መሄዱ ነው። በስልክ ስትልኪ የተቀባዩ ስም ይመጣልሻል፣ ቀኑና መጠኑ ይመዘገባል፣ የግብይት ቁጥር ይኖረዋል። በባንክ አፕ ከሆነ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የሳሎን ወለል፣ የመጀመሪያ ክፍያ» ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ። ይህ ሁሉ ያለ ድካም የተገኘ ምስክር ነው። ለቀን ሠራተኛ ሁለት ሦስት ሺህ ብር በእጅ መስጠት ምንም አይደለም። ከዚያ በላይ ሲሆን ወይ በስልክ፣ ወይ በፊርማ።

አሁን ወደ ዋናው። ደብዳቤሽ ውስጥ «አሳፈረኝ» ያልሽው ቃል ነው የታየኝ። ይሉኝታ ነው 205 ሺህ ብርሽን ያለ አንድ ወረቀት ያስወጣው። ሰውየው ትሁት ነው፣ ባልደረባሽ አምናበታለች፣ «ፈርም» ማለት ሌባ ነህ ማለት መሰለሽ። ይሄ የሁላችንም በሽታ ነው። እዚህ አገር ዕድር ለመግባት እንኳ መዝገብ ላይ ይፈረማል። ዕቁብ ሰብሳቢው ደብተር ይዞ ሲመጣ የሚቀየም አላየሁም። ታዲያ ከአንድ ዓመት ደሞዝ የሚበልጥ ብር ሲወጣ ምን ያሳፍራል? ደግሞ ጥሩ ባለሙያ ወረቀት አይጠላም። እሱም ሥራው ካለቀ በኋላ ቀሪ ሒሳቡን ይዘው ስልክ የማያነሱ የቤት ባለቤቶች አሉበት። ወረቀቱ ለእሱም ነው።

አሁንም አልረፈደም። ዛሬውኑ በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ሰላም ወንድሜ፣ ሒሳባችንን እየጻፍኩ ነበር። ለእጅ ዋጋ 50፣ 40 እና 30፣ በድምሩ 120 ሺህ ብር ሰጥቼሃለሁ። ለዕቃ ደግሞ 85 ሺህ። ትክክል ከሆነ አዎ በለኝ።» ቁጣ የለበትም፣ ክስ የለበትም። «አዎ» ካለሽ እሱን መልእክት እንዳታጠፊው። በሕጋችን ከፈልኩ የሚል ሰው መክፈሉን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። የጽሑፍ መልእክት፣ ብሩን ስትሰጪው የነበረ ሰው፣ በዚያው ሰሞን ከባንክ ያወጣሽበት ወረቀት፣ ሁሉም ያግዛል። ዛሬ ፀብ የለም፤ ነገ ፀብ ካለ ግን ያንን «አዎ» አታገኚውም።

ስለ ደረሰኙም ግልጽ ይሁንልሽ፤ ሰው ሁሉ የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው። አንደኛው ነጋዴ የሚቆርጠው ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር የሌለው ባለሙያ ይህን ሊሰጥሽ አይችልም፤ 15 በመቶ ቫት መሰብሰብ የሚችለውም ለቫት የተመዘገበ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሌለው ሰው «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል» ሲል ከሆነ ቦታ ደረሰኝ ተውሶ ሊያመጣልሽ ነው ማለት ነው፤ እሱ ውስጥ አትግቢ። ሁለተኛው «ይህን ያህል ብር ለዚህ ሥራ ተቀብያለሁ» የሚል ተራ ወረቀት ነው። ይህን ማንም ሰው መፈረም ይችላል። ለእጅ ዋጋ ከባለሙያሽ የሚያስፈልግሽ እሱ ነበር።

ዕቃ ግን ሌላ ነው። ዕቃ ከሱቅ ነው የሚገዛው፣ ሱቅ ደግሞ ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታ አለበት። «ያለ ደረሰኝ ይቀንሳል» የሚባለው ቅናሽ የመንግሥት ግብር ነው፤ ነጋዴው ከኪሱ የሰጠሽ ነገር የለም። ሕግ መጣሱን እንኳ ብንተወው ለአንቺም አያዋጣም። ቦይለሩ በሁለተኛው ወር ቢቃጠል ዋስትናውን በምን ትጠይቂያለሽ? ሴራሚኩ ሁለት ካርቶን ቢጎድል ያው ሱቅ ሄደሽ ያንኑ ዓይነት እንዴት ታገኛለሽ? ይሄ ሁለተኛው ቀላል እንዳይመስልሽ። ሴራሚክ ስሙ አንድ ሆኖ የምርት ቁጥሩ ሲለያይ ቀለሙም ትንሽ ይለያያል፤ ሳሎን መሀል ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ያስታውቃል። ለዚህ ነው ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ ማንሳትና ለሚሰበረው ለሚቆረጠው ትንሽ ጨምሮ መግዛት የሚመከረው።

ደግሞ አንዳንድ ሱቆች ገዢ ይዞ ለመጣ ባለሙያ ኮሚሽን ያስባሉ። ይሄ የታወቀ ነው፤ ኃጢአት ነው አልልም፣ ግን ዋጋው ውስጥ የሚገባው የአንቺ ብር ነው። ከአሁን በኋላ ዕቃ ሲገዛ አብረሽው ሂጂ፤ ተክለሃይማኖትም ይሁን መርካቶ፣ እሱ ይምረጥ አንቺ ክፈዪ። ስለ 85 ሺው ደግሞ ምን ምን እንደገዛ ዘርዝሮ ይጻፍልሽ። ባዶ ካርቶኖቹ ተጥለው ካልሆነ ቁጠሪያቸው። እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ስንት ካሬ እንደሚይዝ ተጽፏል። የተለጠፈውን ግድግዳ በሜትር ለክተሽ ብታስተያዪው የጎደለ ካለ ራሱ ይወጣል። ለዚህ መሐንዲስ አያስፈልግም።

አሁን ስለማትወጂው ነገር ልናገር። ኩሽናውን መሀል ላይ አስቀይረሻል። የተለጠፈ ሴራሚክ ማንሳትና እንደገና መለጠፍ ሁለት ሥራ ነው፣ ዕቃም ይባክናል። ያ በ180 ሺው ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰውየው «ጨምሪልኝ» ሲል ግማሽ እውነት ሊኖረው ይችላል። ስንት እንደሆነ ተነጋገሩና ለብቻው አስይዢው። ይህን ካደረግሽ የቀረውን ስትጠይቂ አንገትሽ ቀና ይላል።

ቀጥሎ ሒሳብ መተሳሰብ ነው። ባልደረባሽን ጥሪያት፤ ያገናኘችው እሷ ናትና መገኘት አለባት። እንዲሁም ሌላ ሴራሚክ ወይም ቧንቧ የሚያውቅ ባለሙያ የአንድ ቀን ሒሳቡን ከፍለሽ አምጪ። ሥራውን ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው አይሁን፤ የሌላውን ሥራ ማጣጣል ይጀምራል። ሥራው ምን ያህል እንደደረሰ ካየ በኋላ የተከፈለው ከተሠራው ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ይታወቃል።

በዚያው ቀን አንዳንድ ነገር ራስሽ ፈትሺ። ሽንት ቤቱ አልቋል ብለሽኛል። ሳንቲም ይዘሽ ሴራሚኮቹን አንድ በአንድ ቆርቁሪ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ሲሚንቶው አልሞላም ማለት ነው፤ አንድ ሁለት ቢገኝ ምንም አይደል፣ በብዛት ከሆነ ግን ውለው አድረው ይለቃሉ። አንድ ባልዲ ውኃ ወለሉ ላይ ድፊ። ውኃው ወደ መውረጃው ካልሄደ፣ ጥግ ላይ ከቆመ፣ ተዳፋቱ ተበላሽቷል። ከዚያ የመውረጃውን አፍ በጨርቅና በፕላስቲክ ወትፈሽ ወለሉን ውኃ ሙዪውና ለ24 ሰዓት ተዪው። በማግስቱ ታች ያለው ጎረቤት ዘንድ ወርደሽ ኮርኒሱን እዪ። ኮንዶሚኒየም ላይ ትልቁ ፀብ ከዚህ ነው የሚመጣው፤ የአንቺ ሻወር የሌላ ሰው ጣሪያ ነው። ዛሬ እርጥበት ከታየ ባለሙያው እጅሽ ላይ ያለውን ብር እየተመለከተ ያስተካክላል። ከፍለሽው ከሄደ በኋላ ከታየ ሴራሚኩን የምታስፈርሺው አንቺ፣ የጎረቤትን ቀለም የምታስቀቢው አንቺ።

ያልተጀመሩት ክፍሎች ላይ ደግሞ ግድግዳው ሳይዘጋ ብሩ እንዳይወጣ። ቧንቧው በፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት ይፈተሽ። የኤሌክትሪክ መስመሩ የት የት እንደሚያልፍ መለኪያ ሜትር አጠገቡ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ። ነገ መጋረጃ ስትሰቅሉ ወይም ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ስታስገቡ ያ ፎቶ ያድናችኋል። ጀሶና ቀለም ከተቀባ በኋላ ማንም አያይም፣ ማንም አያስታውስም።

ሒሳቡ ከተጣራ በኋላ አብራችሁ ልትቀጥሉ ከተስማማችሁ አዲስ ውል አድርጉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን፣ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፣ እስካሁን የተከፈለው ስንት እንደሆነ፣ የቀረው እንዴት እንደሚከፈል ይጻፍ። ቀሪውን 60 ሺህ በሥራው ቅደም ተከተል ቆራርጪው፤ የሳሎንና የመኝታ ቤት ወለል ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ኮርኒሱና ኤሌክትሪኩ ሲያልቅ ይህን ያህል። የመጨረሻው ድርሻ ሰውየው ሊተወው የማይፈልገው ያህል ይሁን፤ ሁሉም አልቆ፣ መብራቱ በርቶ፣ ውኃው ተከፍቶ ከታየ በኋላ የሚሰጥ። ለሠራተኞቹ መክፈያ ብር ካነሰው ሥራውን ትንንሽ አድርጋችሁ ከፋፍሉት፤ ባለቀ ቁጥር በሰዓቱ ክፈዪ። በሰዓቱ የምትከፍል ደንበኛ ቤት ባለሙያ አይቀርም። ውሉን ሁለታችሁ ፈርሙበት፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። የመታወቂያውን ወይም የፋይዳውን ፎቶ ያዢ።

ውሉ ላይ ስትጽፊ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሚሰጠውን ብር ዝም ብለሽ ቀብድ አትበዪው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ «የሰጠሁትን ብር መልስ» እያሉ የሚጨቃጨቁት ሰዎች ብዙ ጊዜ ወረቀታቸው ላይ ምን ብለው እንደጻፉ አላስተዋሉም። ለተሠራና ለሚሠራ ሥራ የምትከፍዪው ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» በዪው፤ ከዋጋው የሚታሰብ መሆኑንም ጨምሪ። እስካሁን የሰጠሽው ግን በቃል ስለሆነ ለማቋረጥ ከወሰናችሁ በቁጣ «አትምጣብኝ» ከማለትሽ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሪ። ውሉን ያፈረስሽው አንቺ እንዳትሆኚ።

ባለቤትሽ ስለ ፖሊስ ያለው ገብቶኛል፤ ተናዷል። ግን ይሄ ሰው ጠፍቶ አልሄደም፣ ስልክ ያነሳል፣ ሥራም ሠርቷል። ጣቢያ ብትሄዱ ምናልባት የምትሰሙት «ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» የሚለውን ነው። ከመጀመሪያው ሊያታልል አስቦ ብሩን ወስዶ ቢሰወር ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ደግሞ አደራ፣ የሴራሚክ መቁረጫውንና መሣሪያዎቹን ቆልፋችሁ እንዳትይዙበት። ብዙ ሰው ያደርገዋል። የሚበላበትን ዕቃ ከያዛችሁበት ከሳሽ እሱ ይሆናል፣ ሥራውም አያልቅም። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍም እንዲሁ።

እስቲ እሱ ሒሳቡን አልተሳሰብም፣ አልፈርምም ቢልስ? ያኔ መልሱን ሰጥቶሻል። የተሠራውን በቪዲዮ ቅረጪ፣ የተመለከተው ባለሙያ በጽሑፍ ያስፍርልሽ፣ ባልደረባሽ ትመስክር፣ ከዚያ በሽምግልና ይሁን በፍርድ ቤት መጠየቅ ትችያለሽ። ቀሪውን 60 ሺህ ግን ለሌላ ባለሙያ አዙሪው። የሌላውን ሥራ ከመሀል የሚቀጥል ሰው ዋጋ እንደሚጨምርብሽ ከአሁኑ እወቂ። ሃያ ሰላሳ ሺህ ብር ከኪስ ሊወጣ ይችላል። ያበሳጫል፤ ቢሆንም 40 ሺህ ሰጥቶ ቤቱን እንደቆመ ከማየት ይሻላል።

የወንድምሽን ነገር መጨረሻ ያደረግሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ሰው አገር የሚኖር ሰው ብሩን ሲልክ ቤቱን አያየውም፤ የሚያየው ደረሰኝ ነው። ፎቶ መጠየቁን እንደ ክስ አትውሰጂው። ምናልባት ሚስቱ ጠይቃው ይሆናል፣ ምናልባት እሱም ከሌላ ቦታ ቀንሶ ነው የሚልክልሽ። ያልነበረ ደረሰኝ ከሱቅ አስቆርጠሽ እንዳትልኪለት፤ ይህን የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ንገሪው። ምን እንደተሰጠ፣ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረ በአንድ ገጽ ጻፊና ከሽንት ቤቱና ከኩሽናው ቪዲዮ ጋር ላኪለት። ከዚህ በኋላ ደግሞ ብሩን በአንድ ጊዜ አይላክልሽ። የሳሎኑ ወለል ሲያልቅ ቪዲዮ ትልኪያለሽ፣ እሱ የሚቀጥለውን ይልካል። ለአንቺም ጥሩ ምክንያት ይሆንሻል። ባለሙያው «ጨምሪልኝ» ብሎ ሲለማመጥሽ «ብሩ ወንድሜ ጋ ነው፣ ሥራውን ሳያይ አይልክም» ትዪዋለሽ። እምቢ ማለት ለሚከብድሽ ሰው ከዚህ የተሻለ መውጫ የለም።

ለሒሳቡ ቀን ባለቤትሽም ይገኝ፤ የሚናገረው ግን አንቺ ብትሆኚ ይሻላል። ዋጋውን የተስማማሽው አንቺ ነሽ፣ ኩሽናውንም ያስቀየርሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ በፊት ግን ያቺን መልእክት ላኪለት፤ ማታ ሳይሆን አሁን።